ነሐሱን የመታው ሰው

እኔ ቁጭ ብዬ መጠበቅ አይሆንልኝም። እናቴ በሕይወት ሳለች «ይቺ ልጅ መቀመጫዋ ላይ እሾህ አለባት» ትል ነበር። አባቴ የታሰረ ለት ጎረቤቶች ተሰብስበው «አይዞሽ ኦክዳን፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲሉኝ አንጀቴ አረረ። ይጠራል፣ እሺ። እስኪጠራ የአባቴ አንገት የት ይቆያል?

አባቴ ሐኪም ናም የንጉሡን እናት መድኃኒት የሚያፈላ ሰው ነበር። አንድ ጠዋት እመቤቲቱ ጽዋዋን እንደጨለጠች ምላሷ ደነዘዘ፤ ሦስት ቀን ራሷን ስታ ሰነበተች። እሷስ ዳነች። አባቴ ግን «መርዘኛ» ተብሎ ታሰረ፣ የመኸር ጨረቃ በዓል ባለፈ በአሥረኛው ቀን አንገቱ እንዲቀላ ተፈረደበት።

ሲወስዱት የሚያቅፈኝ መስሎ እጄ ውስጥ ትንሽ የወረቀት ጥቅል ጨመረ። አድርቆ ያስቀመጠው የመድኃኒቱ አተላ ነበር።

«ውስጡ ያለው ሥር ከእኛ መድኃኒት ቤት አይገኝም» አለኝ ጆሮዬ ላይ። «ሹም ጂን ለቁርጥማቱ ከሰሜን የሚያስመጣው ነው። ሐኪም የሆነ ሁሉ አይቶ ይለየዋል። ከንጉሡ በቀር ለማንም እንዳትሰጪ።»

ጂን ከንጉሡ ቀጥሎ ያለ ሹም ነው። እመቤቲቱ በልጇ ፊት ስለምትቃወመው እንደሚጠላት የቤተ መንግሥቱ ድመት እንኳ ያውቃል። ሦስት ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ሦስቱም ጂን ደጅ ላይ ቀሩ። ወደ ንጉሡ የሚሄድ ወረቀት ሁሉ የሚያልፈው በእሱ እጅ ነው።

የቀረኝ ነሐስ ነበር። በአገራችን የተበደለ ሰው ንጉሡ በሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ ጋሻ የሚያህለውን የነሐስ ሳህን መትቶ አቤት ማለት ይችላል፤ ንጉሡም ቆሞ ይሰማዋል። ማንም እየተነሳ ግን አይመታም። ልጅ ለአባቱ፣ ሚስት ለባሏ፣ ወንድም ለወንድሙ፣ አገልጋይ ለጌታው ብቻ ነው የተፈቀደው። ከዚህ ውጭ ሆኖ የመታ አንገቱን ይቀላል። የተፈቀደለትም ቢሆን ውሸታም አለመሆኑ እንዲታወቅ አስቀድሞ ሠላሳ ዱላ ይቀምሳል።

ይሄን ጂንም ያውቃል። ንጉሡ በበዓሉ ማግሥት የአባቱን መቃብር ሊጎበኝ በሚወጣበት መንገድ ላይ፣ ነሐስ ቀርቶ የድስት ክዳን የያዘ ሰው እንዳይቆም አዋጅ አስነገረ። በዚያ ሁሉ መንገድ ነሐስ የሚይዙት የንጉሡ ሙዚቀኞች ብቻ ሆኑ።

እኔም ሙዚቀኛ ሆንኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ! የጎረቤታችን ልጅ ዶልሶ ሸሽቶ ገዳም ከገባ ሰንብቷል። ወንድ ሁሉ ወገቡ ላይ የሚያንጠለጥላትን ስም የተቀረጸባት እንጨት እናቱ ለእኔ ሰጠችኝ። ያላገባ ወንድም እንደ ልጃገረድ ፀጉሩን ጎንጉኖ ወደ ኋላ ስለሚለቅ ጉንጉኔን አልነካሁትም። ደረቴን በጨርቅ ጠፍንጌ፣ ድምፄን አጎርንኜ፣ ጥቅሉን አንገትጌዬ ውስጥ ሰፍቼ ነሐስ መቺ ሆኜ ገባሁ።

ሙዮልን ያገኘሁት እዚያ ነው። የዘብ አለቃ ነበር፤ የሙዚቀኞቹን ሰልፍ የሚያስተካክለው እሱ ነው።

«ዶልሶ! ነሐሱን እየመታኸው ነው ወይስ እያባበልከው?»

«እየመታሁት ነው፣ አለቃ!»

«እሱ ግን አልሰማም። ድገመው።»

ሽማግሌው ዋሽንት ነፊ ፓልቦክ ጣልቃ ይገባል። «ተወው ልጁን። ጢም ሲያበቅል ክንዱም ይጠነክራል።»

«የእርስዎ ጢም ምን ጠቀመዎ?» እለዋለሁ። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ሙዮል ግን እንዳይስቅ ጥርሱን ነክሶ ፊቱን ያዞራል። ዓይኑ ግን ይስቃል። ያን ዓይን ማየት ለመድኩ።

ሲመሽ ከድስቱ ሥር ያረረውን ሩዝ ፍቆ ያመጣልኝ ነበር። «ከሳህ። ብላ» ብሎኝ ይሄዳል፤ ሌላ ቃል የለም። ወደድኩት። አባቴ ሰንሰለት ታጥቆ እርጥብ ጭድ ላይ ተኝቶ፣ እኔ የአንድ ዘብ ኮቴ ለመስማት ጆሮዬን አቆም ጀመር። በራሴ አፈርኩ። ቀኑ እየቀረበ ነው፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ምግቡ አይወርድልኝም፣ እሱ ባጠገቤ ሲያልፍ ደግሞ ልቤ ከነሐሱ ብሶ ይመታል።

ከጉዞው በሦስት ቀን ቀደም ብሎ ፍተሻ ታዘዘ። የጂን ሰው እጁን አጣምሮ ቆሞ ያያል፤ ፈታሹ ሙዮል ነው። እኔ ጋ ደረሰ። እጁ አንገትጌዬ ላይ ሲያርፍ ወረቀቱ ተንኮሻኮሸ። ዝቅ ሲል ደግሞ የታሰረውን ደረቴን ነካ፤ እጁ ደረቀ።

ተያየን።

«ምን አገኘህ?» አለ የጂን ሰው።

«ቅማል» አለ ሙዮል። «ይሄ ልጅ ገላውን ታጥቦ አያውቅም። ቀጣይ!»

በማግሥቱ ከሰዓት ከፈረሶቹ ጋጥ ጀርባ ጠበቀኝ።

«ማነሽ አንቺ?»

ነገርኩት። የአባቴን፣ የሥሩን፣ የጂንን፣ የነሐሱን፣ ሁሉንም። ስጨርስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሠላሳ ዱላ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እኔ ቆሜ አይቻለሁ። አምና አንዲት ሴት ለባሏ መታች። አሥራ ስምንተኛው ላይ ነፍሷ ወጣች። አባትሽ ከእስር ወጥቶ ያንቺን ሬሳ ይሸከም?»

«እሱ ይውጣ እንጂ የፈለገውን ይሸከም!»

«እኔ ልምታልሽ።»

«አንተ?» አልኩት፤ አለቃነቱ ጠፋኝ። «አንተ ለአባቴ ምኑ ነህ? ልጁ ነህ? ወንድሙ ነህ? ዝም ብለህ ብትመታ አንገትህን ትቀላለህ፣ የአባቴም ነገር ካንተ ጋር ይቀበራል። ሂድልኝ!»

ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ ደህና ዋይ እንኳ ሳይለኝ ሄደ።

የቀሩትን ሁለት ቀናት እንዴት እንደኖርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ያሳብቅብኝ ይሆን? ኮሽ ባለ ቁጥር ሊይዙኝ መጡ እላለሁ። እሱ ዓይኑን አዞረብኝ፤ ሩዙም ቀረ።

የጉዞው ጠዋት ተሰለፍን። ሙዮል መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«ዶልሶ፣ የነሐስህ ገመድ ላልቷል። ለዛሬ ከኋላ ሆነህ ከበሮ ያዝ።»

«ገመዱ ደህና ነው፣ አለቃ!»

«ትእዛዝ ነው» አለና ነሐሱን ከእጄ ነጠቀ።

ከሃዲ! እንባዬ መጣ፤ ወንድ ነኝና ዋጥኩት። ታንኳ ከታንኳ ተያይዞ ሳንቃ የተረበረበበትን ድልድይ ስንሻገር ከበሮውን እየደበደብኩ ሙዮልን ነበር የምረግመው። ወዶኛል ብዬ ሳስብ፣ ለካ ለእንጀራው የሚፈራ ዘብ ኖሯል። አባቴ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ ነሐስ የለኝም። ባዶ እጄን ንጉሡ እግር ሥር ልወድቅ ቆረጥኩ። ሳልደርስ እንደሚወጉኝ አውቃለሁ፤ ይውጉኝ።

ማዶ እንደተሻገርን ንጉሡ ለምሳ ወረደ። ድንኳኑን አይቼ ልነሳ እግሬን ስሰበስብ ነሐስ ጮኸ።

አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። ወንዙ ሁሉ አስተጋባ።

ዘቦቹ ወደ ድምፁ ሮጡና ደርሰው ደነገጡ። የገዛ አለቃቸው ነው። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ነሐሱን ፊቱ አድርጎ ተንበርክኳል።

«የዘብ አለቃ ካንግ ሙዮል ነኝ፣ ንጉሥ ሆይ! በሐኪም ናም ላይ ስለተፈረደው ፍርድ አቤት እላለሁ!»

ጂን ከጎን ዘለለ። «ይሄ ሰው ለሐኪሙ ምኑም አይደለም! በሕጉ አንገቱን መቀላት አለበት!»

«ልጁ ነኝ» አለ ሙዮል።

«ናም ወንድ ልጅ የለውም!»

«አማቹ ነኝ፤ የልጁ ባል። አማች እንደ ልጅ ይቆጠራል ይላል ሕጉ።»

ንጉሡ ከድንኳኑ ወጣ። ወጣት ነው፣ ፊቱ የደከመ። «ማስረጃ አለህ?»

«ከሚስቴ አንገትጌ ውስጥ አለ፣ ንጉሥ ሆይ። ሚስቴም ከበሮ ይዛ ከኋላ አለች።»

ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየኝ። ፓልቦክ ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከተኝና «በለው!» አለ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ሳይጠይቀኝ! ቀጥሎ ነው የገባኝ፤ ነሐሱን የቀማኝ ዱላውን ሊቀማኝ ነው። ከበሮውን አውርጄ ወደ ፊት ሄድኩ።

«ፀጉሯን ይመልከቱ!» ጮኸ ጂን። «ጉንጉኗ እንደ ልጃገረድ ወደ ኋላ ተለቋል! ያገባች ሴት ጠቅልላ በእንጨት ትወጋው የለም እንዴ? ውሸታሞች ናቸው!»

እውነቱን ነው። ንጉሥ ፊት የዋሸ ደግሞ ዱላ አይደለም የሚጠብቀው። ንጉሡ ወደ እኔ ዞረ።

«ይህ ሰው ባልሽ ነው?»

ሙዮልን አየሁት። ቀና አላለም። ጆሮው ፍም መስሏል። ያ ፈረስ ሲደነብር የማይነቃነቅ ሰው የእኔን መልስ ፈርቷል!

የፓልቦክን ዋሽንት ከእጁ መንጭቄ፣ ጉንጉኔን ጠቅልዬ፣ ዋሽንቱን ሰካሁበት።

«ነው» አልኩ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአሁን ጀምሮ፣ ንጉሥ ሆይ። ሌላ ብልዎ መዋሸት ይሆንብኛል።»

ንጉሡ ዋሽንቱን አየ፣ ሙዮልን አየ።

«ሕጉ አማች ማለቱን አውቃለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «መቼ ያገባ ማለቱን ግን አላስታውስም። ማስረጃውን አምጪ።»

አንገትጌዬን በጥርሴ ቀደድኩ። ንጉሡ ጥቅሉን በጂን እጅ አላሳለፈውም፤ አብረውት የመጡትን ሦስት ሐኪሞች አስጠራ። ያኔ የጂን ፊት ሲገረጣ አየሁ።

«ሠላሳው ዱላ ግን አይቀርም» አለ ንጉሡ። «ሕግ ነው።»

«ለእኔ ይሁን!» ብዬ ጮህኩ።

«ነሐሱን የመታው እሱ ነው።»

የመቱት የገዛ ባልደረቦቹ ናቸው። ፊቴን አላዞርኩም፤ ለእኔ የተመደበ ዱላ ነበርና ማየት አለብኝ አልኩ። አሥራ ስምንተኛው ላይ ትንፋሼ ቆመ። አሥራ ዘጠኝ ሲሉ አቃሰተ። በሕይወቴ እንደዚያ ማቃሰት ያስደሰተኝ ነገር የለም።

ጀምበር ሳታዘቀዝቅ ሐኪሞቹ ሥሩን ለዩት። ጂን በፈረስ የመጣበትን መንገድ በገመድ ታስሮ ተመለሰ። አባቴ በሰባተኛው ቀን ተፈታ፤ ከስቶ፣ ሸብቶ፣ ግን በእግሩ እየሄደ።

ሙዮል የዘብነት ቦታውን ጥሎ ሄዷል ተብሎ ሹመቱን ተገፈፈ። ቤታችን አምጥተን በሆዱ አስተኛነው። አባቴ ቅባቱን ይቀምማል፣ እኔ እቀባለሁ። ስቀባው አይናገርም፤ እኔም አልናገርም። ባልና ሚስት ነን ተብሎ በንጉሥ ፊት ተነግሯል፣ እኛ ግን እንደ ሁለት እንግዳ እንተፋፈራለን። ይሄ ዝምታ ከዚያ ፍተሻ ይልቅ አስጨነቀኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት አባቴ በወረቀት ከተሠራው በር ወዲያ ሾርባ በማንኪያ እየቀዳ ሳለ ሙዮል ድንገት ተናገረ።

«ኦክዳን። ወንዙ ዳር ያልሽው አባትሽን ለማዳን ነው። አሁን ወጥቷል። ሳልጠይቅሽ ነው ያደረግኩት፤ ይቅር በይኝ። ፀጉርሽን ፈትተሽ ብትሄጂ አልይዝሽም።»

ቅባቱን አስቀመጥኩ። ደሜ ፈላ።

«ስማኝ፣ አንተ ሞኝ! አንዴ ነሐሱ ከተመታ በኋላ ንጉሡ ቆሞ እየሰማን ነበር። እኔ ወጥቼ ‹ይሄን ሰው አላውቀውም፣ ልጁ እኔ ነኝ፣ አቤቱታውም የኔ ነው› ብል ኖሮ አባቴ ይድን ነበር ወይስ አይድንም?»

አሰበ። «ይድን ነበር።»

«አንተስ?»

«እኔማ... አንገቴን እቀላ ነበር።»

«ታዲያ ‹ባሌ ነው› ያልኩት ማንን ለማዳን ነው?»

ጆሮው ቀላ። እኔም ፊቴ ሲግል ተሰማኝ፤ ምነው አፌን በያዝኩ አልኩ። ከወረቀቱ በር ወዲያ የማንኪያው ድምፅ ቆመ።

«መልስላት እንጂ ልጄ!» አለ አባቴ። «ሾርባው ቀዘቀዘ!»

ልጄ ሲለው ሙዮል ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀበረ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ የእኔን እጅ ከነቅባቱ ያዘው።

«እኔን» አለ።