የግራ ጓንት ሳጥን

አባቴ ቀኛዝማች ዳምጤ በዕድሜያቸው ብዙ የማይረባ ነገር አክብረዋል። እንደዚያ ጓንት ያለ የማይረባ ነገር ግን አክብረው አያውቁም።

ነገሩ የሆነው በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ብቸና ነው። ከጠቅላይ ግዛቱ አንድ ትልቅ ሹም በላንድሮቨር መጥተው እኛ ቤት ምሳ በሉ። በሬ ታረደላቸው፤ በሉ፣ ጠጡ፣ አፋቸውን ጠርገው ሄዱ። በማግስቱ ሠራተኛችን ቤት ስትጠርግ ከበሩ አጠገብ ካለው መደብ ሥር አንድ ቡናማ የቆዳ ጓንት አገኘች። የግራ እጅ። አንድ ብቻ።

ሌላ ሰው ቢሆን «የማን ነው?» ብሎ ያስጠይቃል። አባቴ ግን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ግንባራቸውን አስነኩት። ሳምንት ሳይሞላ የሹሙ ጸሐፊ ኃይለ ሚካኤል በሌላ ጉዳይ ብቅ ሲል ጠየቁት። እሱም ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ፣ «ለእርስዎ መታሰቢያ ይሁን ብለው ነው የተዉት» አላቸው።

ይህ ሰው ለምን እንደዋሸ ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ በደረት ኪሱ ሦስት እስክሪብቶ ደርድሮ የሚዞር፣ ስለ ሁሉም ነገር «ኦፊሻል ነው» የሚል ሰው ነበር። ዝናብ ቢዘንብ እንኳ ኦፊሻል ነበር የሚመስለው። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እንደሚልክ ለአባቴ ሹክ ብሎ ሄደ።

አባቴም ወሰኑ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ጓንቱ መስታወት ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ፣ ቀይ ከፋይ ላይ ሆኖ፣ ከእልፍኙ ግድግዳ ላይ ይታያል። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ስለነበር ንድፉን የመሥራቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። የሚሠራውን ሰው ደግሞ ከሞጣ አስመጡ።

ሰውየው ይርሳው ይባላል። እሱ አናጢ ነው፤ አባቱ ግን ቀጥቃጭ ነበሩ። ይህ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ማረሻውን ከእነሱ እንገዛለን፣ ቢላዋውን ከእነሱ እንገዛለን፤ ዞር ሲሉ ቡዳ እንላቸዋለን። ሲያልፉ ልጆቻችንን በነጠላ እንሸፍናለን። ይህን ሁሉ የምናደርገው በእነሱ ቢላዋ ሥጋ እየቆረጥን ነው። ያን ጊዜ እኔም ከዚያ ሕዝብ አንዷ ነበርኩ፤ ያውም የባስኩት።

የመጣ ቀን ውኃ በዛገ ጣሳ ሰጠሁት፤ እሱ ከጠጣበት በኋላ የሚጣል። ጣሳውን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዕቃ መያዣው የእንጨት ዋንጫ አወጣ።

«የራሴን ይዤ ነው የምዞረው» አለ። «የሰው ዕቃ አረከሰ እንዲሉኝ አልፈልግም። የእኔም እንዲረክስ አልፈልግም።»

አፈር ይብላና! የቀኛዝማች ልጅ ነኝ እኮ።

«በይ ጓንቱን አምጪልኝ» አለኝ ደግሞ። አንቺ ብሎኝ!

ሰጠሁት። መዳፉን ገለበጠ፣ አሸተተ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አየ። በስንዝሩ ለካና ከካርቶን ቆርጦ ባዶ ሳጥን ሠራ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ በካርቶን ሠርቶ ሁለት ቀን ዝም ብሎ ያስቀምጠዋል።

«ዓይን በመጀመሪያው ቀን ይታለላል» ይላል። «በሦስተኛው ቀን ነው እውነቱን የሚነግርሽ።»

እንጨት የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚሠራው ከግቢያችን የወይራ ዛፍ ሥር ነበር። እኔ ንድፌን ይዤ ራቅ ብዬ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ዋንዛውን በመላጊያ እየላገ ሳንቃውን ያለሰልሳል። ምስማር የሚባል ነገር አያስጠጋም። የሳንቃዎቹን ጫፍ ጥርስ ጥርስ አድርጎ ቆርጦ አንዱን በሌላው ውስጥ ያስገባል፤ አንዴ ከተያያዙ በኋላ ማንም ቢጎትት አይላቀቁም።

«ለዚህ ጓንት ነው ይህን ያህል የምትለፋው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ለጓንቱ አይደለም። ለእንጨቱ ነው።»

«እንጨት ምን ያውቃል?»

«ከጓንት ይሻላል። ቢያንስ ለሰው ጥላ ሆኖ ነበር።»

መሳቅ አልፈለግሁም። ሳቅሁ።

ከዚያ አባቴ ሌላ ጉድ አመጡ። ጓንቱ ጠፍጣፋ ሆኖ አያምርም፤ ጭድ ይሞላና የሹሙን እጅ ይምሰል አሉ። ይርሳው ሞላው። ጣቶቹ ተነፋፍተው ወንዝ የወሰደው ሰው እጅ መሰለ። አባቴ ጎንበስ ብለው ተመለከቱትና፣ «አቤት ግርማ!» ብለው ወደ ቤት ገቡ። እኔና ይርሳው ተያየን። ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም።

«ነይ እስቲ» አለኝ ሳቁ ሲበርድለት። «መዳፉ እዚህና እዚህ ላይ ብቻ ለምን እንዳለቀ ታውቂያለሽ?»

«ለምን?»

«መሪ የጨበጠ ጓንት ነው። አሽትቺው፤ ቤንዚን ነው። ሹም መኪና ይነዳል?»

ሹሙ ምሳ የበሉ ዕለት ሾፌራቸው የበላው ከበሩ አጠገብ፣ መደቡ ላይ ተቀምጦ እንደነበር ትዝ አለኝ። ጓንቱም የተገኘው እዚያው ሥር ነው። አባቴ ግንባራቸውን ያስነኩት የሾፌር ጓንት! ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

«ልንገራቸው?» አለ።

«ተው! በሐፍረት ይሞታሉ።»

«እሺ። አንቺ ካልሽ።»

«አንቺ ካልሽ» ያለበት ድምፅ ቤት ድረስ ተከተለኝ። ወደድኩት። ሌላ ስም አልሰጠውም፤ ወደድኩት። ርጩማዬ በየቀኑ አንድ አንድ ክንድ እየቀረበ ሄደ። ሲልግ ክንዱን አያለሁ፤ ቀና ሲል መሬት አያለሁ። ሁዳዴው እየተገባደደ ነበር፤ በአሥር ቀን የሚያልቅ ሥራ ለምን ወር እንደፈጀ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ሳጥኑ ሲያልቅ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት በመጨረሻ።

«ሞጣ እገባለሁ።»

«ከዚያስ?»

የማለስለሻውን ሰም ጨርቅ ላይ አድርጎ ሳንቃውን ብዙ ጊዜ አሸ።

«ከዚያማ አንቺን እያሰብኩ እንጨት እልጋለሁ» አለ፤ ቀና ሳይል።

በማግስቱ፣ የቀረውን የላይኛውን ጌጥ ሊቀርጽ ሲል ግን ተጣላን። የነደፍኩት ሳጥን ከላይ ቅስት፣ ዙሪያውን ሐረግ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ መስቀል ነበረው። ቤተ ክርስቲያን ካየሁት ወስጄ ነው፤ ያወቅሁት የሚያምር ነገር ሌላ ምን ነበረና!

«ይኼ የቅዱሳን ሥዕል ማኖሪያ ነው የሚመስል» አለ ይርሳው። «ሰው ይሳሳታል። ቢያንስ መስቀሉን እንተወው።»

«አንተ ስለ ቤተ ክርስቲያን ምን ታውቃለህ?» አልኩት።

ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሱ መሮውን አስቀመጠ። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና ልክ እንደሳልኩት ሠራው፤ አንዲት መስመር አላጎደለም። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። ይደርሳል ብዬ ተውኩት።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው፤ መሪያቸው ዓይናቸው የደከመው አለቃ ገብረ ሕይወት ነበሩ። ይርሳው ሳጥኑን ሰቅሎ መስታወቱን እየወለወለ ስለነበር አባቴ «በሩ አጠገብ ቁም» አሉት፤ ብዙ ሠራተኛ ያላቸው እንዲመስሉ። እኔም ጠጅ እንድቀዳ እልፍኙ ጥግ ቆሜያለሁ።

አለቃ ገቡና ቀና አሉ። ቅስት፣ ሐረግ፣ መስቀል፣ ቀይ ከፋይ፤ በመሐሉም የተዘረጋች እጅ ታየቻቸው። ጫማቸውን አወለቁ። ሦስት ጊዜ ሰገዱና ግንባራቸውንና ከንፈራቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው ተሳለሙ። ሁለቱ ሽማግሌዎችም ተከትለው ተሳለሙ።

«የየትኛው ጻድቅ ክንድ ናት፣ ቀኛዝማች?» አሉ አለቃ እንባ በተናነቀው ድምፅ።

አባቴ ዝም ቢሉ ያልፍ ነበር። ኩራት ቀደማቸው።

«ኧረ የጻድቅ አይደለችም፣ አለቃ። የክቡርነታቸው ጓንት ናት!»

አለቃ በነጠላቸው ጫፍ ከንፈራቸውን ጠረጉ። ደግመው ጠረጉ።

«ለጓንት አሰገዱን?» አሉ። «ይህን የነደፈ ማን ነው? በመስቀል የሚቀልድ ማን ነው?»

ንድፉ የማን እንደሆነ የሚያውቁት አባቴ ወደ በሩ ዞሩ። «ይኼ ነዋ! ይኼ የቀጥቃጭ ልጅ! ድሮስ ከቡዳ ምን ይጠበቃል! ቤቴን አረከሰው!»

ይርሳው አባቴን አላያቸውም። እኔን አየ። አየኝና ጠበቀ። «እኔ ነኝ» ማለት ይበቃ ነበር። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ የምንጣፉን ጥለት ቆጠርኩ።

«ውጣ!» አሉት አባቴ። መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ።

ተቆጥተው ሊወጡ የተነሡት አለቃ በስንት ልመና ተመለሱ። ጠጅ ተቀዳ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባለ፣ ሠርጉም ከሰኔ ጾም በፊት እንዲሆን ተቆረጠ። ኃይለ ሚካኤል ጉዳዩ በኦፊሻል እንዳለቀ የሚገልጥ ደብዳቤ ላከልኝ። ቁጥርና ቀን ነበረው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ግን በሦስተኛው ቀን ነቀዘ። እህል አልወርድ አለኝ። አባቴን ናቅሁ፣ ኃይለ ሚካኤልን ናቅሁ፣ በደከመ ዓይን የሚፈርዱትን አለቃን ናቅሁ። ሁሉንም ንቄ ስጨርስ የቀረሁት እኔ ነበርኩ፤ ከሁሉም የከፋሁት። ከእነሱ ማንም የሚወደውን ሰው አልካደም፤ እኔ እያወቅሁ የምወደውን ሰው አሳልፌ ሰጠሁ።

እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ በጊዮርጊስ ደጅ ቆሞ ሲጨዋወት አባቴና አለቃ ጎን ለጎን ነበሩ። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«አለቃ፣ ሳጥኑን የነደፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «መስቀሉንም ሐረጉንም። ይርሳው ሰው ይሳሳታል ብሎ ነግሮኝ ሰደብኩት። ጓንቱም የሹሙ አይደለም፤ የሾፌራቸው ነው። ኃይለ ሚካኤል ለአባቴ ዋሽቷል። ለሐሰተኛ አልዳርም።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ደጁ ሁሉ። አለቃ ብቻ አልሳቁም።

«ዘግይተሻል፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ፣ «ግን ተናገርሽ» አሉ።

«ቤቴ እንዳትደርሺ» አሉኝ አባቴ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ፤ አሳዘኑኝ። ግን አልደረስኩም። አክስቴ ቤት አድሬ በማግስቱ ጨው በጫነ መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅንና ጉንደ ወይንን አልፈን ሞጣ ስንገባ ከአቧራው የተነሣ እናቴ እንኳ ብታየኝ አታውቀኝም ነበር።

የይርሳው ቤት ከገበያው በታች ነው። ደጁ ላይ የወንበር እግር ይልግ ነበር። አየኝና አልተነሣም።

«ምን ልሥራልሽ?» አለ፤ ለማንኛውም ገዢ እንደሚለው።

«ምንም። ንድፉ የእኔ እንደሆነ ተናግሬያለሁ። በአባቴ ፊት፣ ለአለቃም፣ በጊዮርጊስ ደጅ ለነበረ ሁሉ።»

መላጊያው ቆመ።

«ያን ዕለት አንድ ቃል ነበር የፈለግሁት» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ድምፅ ሰምተው እናቱ እማማ አምሳለች ብቅ አሉ። «ኧረ ልጄ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ። ግቢና ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም፣ እማማ። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም።»

«የምን ሽማግሌ?»

«አባቴ አባረውኛል፤ የሚልክልኝ ሰው የለም። ራሴን ልኬ ነው የመጣሁት። ልጅዎን ይርሳውን ለሀብትነሽ ዳምጤ ይስጡልኝ ብዬ ነው።»

እማማ አምሳለች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ይርሳው ተነሥቶ ፍቅፋቂውን ከጉልበቱ አራገፈ። ፊቱ ላይ ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አቃተኝ።

«ነገ ልጆችሽን ቡዳ ይሏቸዋል» አለ ቀስ ብሎ። «ገበያ ስትወጪ ይሸፈኑብሻል።»

«ይሸፈኑ! ፊታቸውን ለማየት ማን ጓጓ!»

ሊስቅ ቃጣውና መለሰው።

«ሽማግሌ በመጣበት ቀን መልስ አይሰጠውም» አለ። «ዘመድ ይማከር ተብሎ፣ ቀጠሮ ተሰጥቶት ነው የሚሸኘው።»

«እሺ፣ ቀጠሮ ስጠኝ። ስንት ወር?»

ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ።

«ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት።»

ሄጄ ገበያው ዳር ዋርካ ሥር ቆምኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል፤ እኔ ማንንም አላይም። ዘጠኝ ሳይሞላ ተመለስኩ፤ እውነተኛ ሽማግሌ እንዲህ አይቸኩልም። ይርሳው ነጭ ጋቢ ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል፤ እናቱ ከጎኑ ናቸው። ለሽማግሌ እንደሚደረገው ሁለቱም ዝቅ ብለው እጅ ነሡኝ።

«ይቀመጡ» አለኝ ይርሳው። «ዘመድ ተስማምቷል።»