ሹክ ያልተባለች ቃል

«ከትልቁ ቴአትር ቤት አንዲት ሴትዮ ልትመጣ ነው አሉ።»

ይህን ያሉት የተዋናይቷ የሽቦ አክስት፣ የቴአትሩ ልብስ ሰፊ እትዬ ናቸው፤ ያውም መርፌ በከንፈራቸው ይዘው። ትናንትም ብለውት ነበር። መጀመሪያ ሲወራላት ሴትየዋ እንዲሁ ሴትዮ ነበረች። ቀጥሎ አረንጓዴ ነገር ትለብሳለች ተባለ። ዛሬ ደግሞ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጣ፣ ያማራትን ልጅ በዓይኗ መርጣ እንደምትሄድ ታወቀ። እትዬ ለወሬውም እንደ ቀሚሶቹ በየቀኑ አንድ ነገር ይጨምሩበታል።

ሚዛን ከትምህርት ቤቱ መድረክ ጎን፣ ከመጋረጃው ጀርባ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ያልሰማች መሰለች። ልቧ ግን ከመጨረሻው ረድፍ ደርሶ ተመልሷል። ቴአትሩን የጻፈችው እሷ ናት። ሴትየዋ ከመጣች የምትሰማው የእሷን ቃላት ነው።

«ሚዛን» ቅጽል ስሟ ነው። ቃል ሳትመዝን አታወጣም፤ የሌላውንም ሳትመዝን አታሳልፍም። ያስተማራት ሰው የለም። በእናቷ ሱቅ እቃ የሚጠቀለልበትን አሮጌ ጋዜጣ፣ ስኳሩ ሳይገባበት ቀድማ እያነበበች ነው ያደገችው። አሁን ደራሲም አስታዋሽም ሆናለች፤ ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት ከጨለማው ውስጥ ሹክ የምትለው እሷ ናት።

ቴአትሩ አንድ አባትና አንዲት ልጅ፣ አንድ ቤትና ከፍ እያለ የሚመጣ ወንዝ ነው። አባትየው ቤቴን ጥዬ አልወጣም ይላል። ልጅቷ በመጨረሻ በሩ ላይ ቆማ፣ «አባባ፣ የቁርጥ ሰዓት ነው» ትለዋለች፤ ይነሳል። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በዚህች ዐረፍተ ነገር ላይ ነው። ልጅቷን የምትጫወተው ደግሞ ሽቦ ናት፤ ቀጭን፣ አንድ ቦታ መቆም የማይሆንላት፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሚዛን ጓደኛ።

ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ ሽቦ ደጋግማ «ቀውጢ ሰዓት ነው» አለች። ሚዛን ልምምዱን አስቆመች። ቀውጢ፣ አለች፣ ድስት ሲገነፍል፣ ሰው ሲራወጥ፣ በር ሲደበደብ ነው። ወሳኝ ደግሞ ክራባት ያሰረ ቃል ነው፤ ስብሰባ ላይ ይቀመጣል፣ በኋላ ስለሚሆነው እንጂ ስላሁኑ ግድ የለውም። ጭንቅ የሚኖረው ሆድ ውስጥ ነው፤ ያውም ለብቻው። ቁርጥ ግን ቢላዋ ነው፤ አንዴ ካረፈ መመለስ የለም።

ሽቦ ሁሉንም በጥሞና ሰምታ፣ «አራቱ በሰላም አብረው ይኖሩ ነበር፤ አንቺ ነሽ ያፋታሻቸው» አለችና አዳራሹን አሳቀችው። ሚዛን አልሳቀችም።

ሳቁ ሲበርድ ሽቦ ጠጋ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለ አባቷ አወራቻት። አባቷ ባለፈው ወር ለሥራ ሩቅ ከተማ ሲሄድ ቤት ውስጥ ቃል የመረጠ ሰው አልነበረም። ሁሉም ወለል ወለሉን ሲያይ ቆይቶ እናቷ ብቻ፣ «ጫማህን አድርግ፣ መኪናው መጥቷል» አለችው። በቃ፣ ያ ነበር። ሰው እንዲህ ነው እኮ የሚያወራው፣ አለች ሽቦ።

«ያንቺን አባት ማን ጠየቀሽ? ቴአትሩ የኔ ነው» አለች ሚዛን።

ከአፏ ሲወጣ ስለቱ ለራሷም ተሰማት። ይቅርታ ማለት ነበረባት፤ እሷ ግን ወረቀቷ ላይ አቀርቅራ የተሰረዘ መስመር መልሳ ሰረዘች። ከዚያ ወዲህ ሽቦ ከመድረክ ውጭ አላናገረቻትም።

ቴአትሩ ከሰዓት በኋላ ተጀመረ። በከፍተኞቹ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን አቧራውን እያንሳፈፈ መድረኩ ላይ ይወርዳል። ወንዙ ከአሮጌ አንሶላ የተሰፋ ረጅም ሰማያዊ ጨርቅ ነው፤ ሁለት ልጆች ከግራና ከቀኝ ይዘው ቀስ እያሉ ከፍ ያደርጉታል። ከሚዛን ሳጥን ላይ ሲያዩት ጨርቅ አይመስልም ነበር። ወለሉ የሚተነፍስ፣ አዳራሹም ከነወንበሩ መልህቁን ፈትቶ ቀስ ብሎ የሚሄድ ይመስል ነበር። የጥጥ ጢም የለጠፈው አባት ባዶ እግሩን ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ጫማው በሩ አጠገብ፣ ከውሃው ዳር ነው።

ሽቦ በሩ ላይ ቆመች።

«አባባ» አለች።

ከዚያ ዝም አለች።

የቋንቋ መምህሩ ለሚዛን የነገሯት ነገር አለ። ተዋናይ ዝም ሲል ወይ ረስቷል ወይ እየተጫወተ ነው። ቶሎ ሹክ ካልሽ ዝምታውን ትሰርቂዋለሽ፤ ከዘገየሽ ተዋናዩን ታሰምጪዋለሽ። የትኛው እንደሆነ የሚነግርሽ የለም።

ሰማያዊው ጨርቅ ከሽቦ ጉልበት ደረሰ። ሚዛን ቃሏን ምላሷ ጫፍ ላይ ይዛ ጎንበስ አለች። የቁርጥ። አንድ ትንፋሽ ናት። በመጋረጃው ስንጥቅ ወደ መጨረሻው ረድፍ ስታይ እዚያ ደብዛዛው ውስጥ አረንጓዴ ነገር ታየ። ሴትየዋ! መጥታለች ማለት ነው። መዝና መዝና የመረጠቻትን ቃል አሁን ልትሰማት ነው።

ያኔ የሽቦን ዓይን አየች። ወደ እሷ አልነበረም። ወደ ጣሪያውም አልነበረም። ሽቦ የአባትየውን ባዶ እግር እያየች ነበር፤ ወለል ወለሉን።

ሚዛን አፏን በመዳፏ ሸፈነች። ቃሏ ከመዳፏ ጀርባ ሞቃ ቀረች። ቢበላሽ በአረንጓዴዋ ሴትዮ ፊት የሚበላሸው የእሷ ቴአትር ነው፤ ቢሆንም እጇን አላነሳችም።

ሽቦ ተንበረከከች። ከውሃው ዳር ጫማውን አንስታ አባትየው እግር ስር አስቀመጠችው።

«አባባ፣ ጫማህን አድርግ።»

የጥጥ ጢሙ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አልተለማመደም። ግራ ገብቶት፣ እውነተኛ አባት እንደሚያደርገው ዝም ብሎ እግሩን ዘረጋላት። አዳራሹ ውስጥ ያሳለው ሰው እንኳ አልነበረም። ጭብጨባው የመጣው መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ከእንቅልፍ እንደሚነቃ ሰው ቀስ ብሎ።

ሽቦ ከመጋረጃው ጀርባ እየሮጠች መጣች። ግንባሯ በላብ ርሷል።

«ምነው ሹክ አላልሽኝም? ቃልሽ እኮ ድርግም ብሎ ጠፋብኝ። ብጠብቅሽ፣ ብጠብቅሽ የለሽም።»

ሚዛን ክው አለች። «የምትይው ያለሽ መስሎኝ ነው።»

«አልነበረኝም።» ሽቦ ትንሽ አሰበች። «እዚያው ነው የመጣልኝ።»

ከሳምንት ኩርፊያ በኋላ መጀመሪያ የተነጋገሩት ይህን ነው። ሚዛን «ስለ አባትሽ ያልኩት ነገር...» ብላ ጀመረች፤ ሽቦ አላስጨረሰቻትም። «አታካብጂ» ብላ ትከሻዋን በትከሻዋ ገፋ አደረገቻትና ፊቷን ልትታጠብ ሄደች።

ነገ ለታናናሾቹ ክፍሎች በድጋሚ ይታያል። ሚዛን እርሳሷን አወጣች። ቁርጥን አንድ ጊዜ አየቻት፤ አሁንም ጥሩ ቃል ናት። ከዚያ ሰረዘቻትና ከላይዋ የሽቦን ጻፈች፤ የሽቦ እናት ያለችውን።

እትዬ ወንዙን ሊያጥፉ መጡ። አንዱን ጫፍ ለሚዛን ሰጧት፤ ጨርቁን በመካከላቸው ወጥረው፣ አንዴ እየተቀራረቡ አንዴ እየተራራቁ ማጠፍ ጀመሩ።

«ሴትየዋ ግን የወደደችው ይመስልዎታል፣ እትዬ?» አለች ሚዛን።

«የቷ ሴትዮ?» አሉ እትዬ፣ ጫፍ ከጫፍ እያገናኙ። «ከተጣላችሁ ወዲያ ሽቦ ቴአትሩን እተወዋለሁ ብትለኝ ጊዜ፣ እንድትቆይ ብዬ ከራሴ ያወጣኋት ናት። ኋላ ወንበር ላይ ያለውን ካፖርቴን አምጪልኝ እስቲ፣ አረንጓዴውን።»