ሃምሳ ስምንተኛው ወንበር

ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ የዓወል ስልክ መስኮቱ ላይ እንደተቀመጠ ተንቀጠቀጠ።

ሰሊሃ ቤት እየጠረገች ነበር። መጥረጊያውን በአንድ እጇ እንደያዘች ስልኩን አነሳች። ወንድሟ ዓወል ከሞተ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ስልኩ ከመኪናው አደጋ አንድ ጥጉ ብቻ ተሰንጥቆ የተረፈ ነው፤ ማንም ሳያዛት በየማታው ቻርጅ ታደርገዋለች። የሚከፈትበትን ቁጥር የነገራት ራሱ ነው። «ሌባው ቤት ውስጥ እያለ ቁልፍ ምን ይሠራል?» ብሎ ስቆባት ነበር።

ቴሌግራም ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ግሩፕ ውስጥ አንድ ፋይል ተለቋል፤ «የትምህርት ክፍል ድልድል ውጤት» ይላል። ከሥሩ ሳቅ፣ ለቅሶና እንኳን ደስ ያለህ ተዥጎድጉዷል።

ከፈተችው። ስም በስም ቁልቁል ስትወርድ ሃምሳ ስምንተኛው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ። ዓወል ኡመር። ሕክምና።

ምንም አልተሰማትም። ባለፈው ዓመት ጥርሷን ስትነቀል ድዷ ላይ እንደወጓት መርፌ ነው፤ የሆነ ነገር እየተደረገ እንደሆነ ታውቃለች፣ ሕመሙ ግን የለም።

«ማነው የደወለው?» አለች እናቷ ሌይላ ከጓዳ።

«ማንም አልደወለም እማ። የዩኒቨርሲቲው ድልድል ወጥቶ ነው።»

«የነሱ?»

«የነሱ።»

እናቷ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ማንበብ አትችልም፤ ስልኩን ግን ተቀብላ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። «የታለ እሱ?»

ሰሊሃ በጣቷ አሳየቻት።

«ምን ይላል?»

«ሕክምና።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች እናቷ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እስቲ ድገሚው» አለች።

ለቀትሩ የዙህር ሶላት አዛን ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶ ነበር። «ልጄ እኮ ሕክምና ደርሶታል» ትላለች እናቷ፣ በደጅ ላለፈው ሁሉ። ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያዩና «ማሻ አላህ» ይላሉ። ሌላ ምን ይበሉ?

ሰሊሃ ስለ ድልድሉ የምታውቀው ዓወል ለአረፋ በዓል አልዩ አምባ በመጣ ጊዜ የነገራትን ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«የማትሪክ ውጤትሽ ከሃምሳ ይያዛል፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ነጥብሽም ከሃምሳ። ይደመራል። ከዚያ ሁሉም ተማሪ ከላይ እስከ ታች በደረጃ ይሰለፋል» አላት።

«ሁሉም ሕክምና ልግባ ቢልስ?»

«ስልሳ ወንበር ያለው አውቶቡስ ነው ብለሽ አስቢው። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ በነጥብ ይጠራል። ስልሳ ሲሞላ በሩ ይዘጋል። ስልሳ አንደኛው ቢያለቅስም፣ ቢማታም፣ በሚቀጥለው መኪና ነው። ፋርማሲ በይው።»

«የተጠራው ሰውዬ ቢቀርስ?»

«ለረዳቱ ከተነገረው ቀጣዩን ይጠራል። ካልተነገረው ወንበሩ ባዶውን ይሄዳል። አንቺ ግን ጥያቄሽ አያልቅም እንዴ? ውጤትሽም እንደ አፍሽ ቢረዝም ጥሩ ነበር!»

በሦስተኛው ቀን ወደ ደብረ ብርሃን ሲመለስ፣ የተሳፈረበት መኪና ወደ ጎረቤላ በሚወስደው ዳገት ላይ ተገለበጠ።

ሰሊሃ ፋይሉን መልሳ ከፈተችው። ስልሳኛው ስም ሥር ወፍራም መስመር ተሰምሯል። ከመስመሩ በታች መጀመሪያ የተጻፈው ስም ቃለ አብ ነው። ፋርማሲ።

ቃለ አብን ታውቀዋለች። የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከዓወል በላይ ያለው አልጋ ላይ ነበር የሚተኛው። ለቀብር መጥቶ ነበር፤ በሳምንቱ ደግሞ የዓወልን ቦርሳና ብርድ ልብስ ተሸክሞ ተመልሶ መጥቷል።

ደወለችለት።

«ሃ… ሃሎ?»

«እኔ ነኝ ቃሌ። ሰሊሃ።»

ለትንሽ ጊዜ ትንፋሹ ብቻ ተሰማ። በዓወል ቁጥር እንደደወለች ያን ጊዜ ነው ትዝ ያላት።

«አንቺ ልጅ፣ ልቤን ልታቆሚው እኮ ነው! ስሙን ስክሪኑ ላይ ሳየው…»

«ይቅርታ። አላሰብኩበትም።»

«ኧረ ችግር የለም። እንዴት ናችሁ? እናታችን ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት። ምን ደረሰህ?»

«ፋርማሲ። አሪፍ ነው። መጀመሪያም የፈለግኩት እሱን ነበር።»

«አትፎግረኝ። ሁለታችሁም ሕክምና እንደሞላችሁ ዓወል ነግሮኛል። ‹አንዳችን ስንተኛ አንዳችን እያነበብን መብራቱ ዕረፍት አጣ› ብሎኛል።»

«የሱ ወሬ!» ቃለ አብ ሳቀ። ሳቁ ግን መሀል ላይ ቀረ።

«ስልሳ አንደኛ ነህ።»

«አይቼዋለሁ።»

«ቅሬታ ያለው እስከ ዓርብ ያቅርብ ይላል። ለምን አትናገርም?»

«ምን ብዬ? ‹ጓደኛዬ ሞቷል፣ ወንበሩን ስጡኝ› ልበል? በናትሽ ሰሊ! እኔ እሱን አፈር አልብሼ የመጣሁ ሰው ነኝ።»

«እነሱ አያውቁም?»

«ዶርም ያለው ሁሉ ያውቃል። ሬጅስትራር ግን የሚያውቀው ወረቀት ነው፤ ከቤተሰብ ሰው ማስረጃ ይዞ ካልቀረበ ለነሱ ዓወል አለ።» ድምፁን ቀነሰ። «ይኑር። ፋርማሲም እንጀራ ነው። ደግሞ ይሄን ለእናትሽ እንዳትነግሪያቸው፣ እሺ?»

«እሺ» አለችው።

ረቡዕ ትምህርት ቤት ሄዳ ተመለሰች። ምን እንደተማረች ብትጠየቅ አታውቅም። ማታ እናቷ አንዲት ከደብረ ሲና ለለቅሶ የመጣች ዘመዳቸውን አስቀምጣ «ሰሊሃዬ፣ እስቲ አሳያት» አለቻት። አሳየቻት። ዘመዳቸው ስልኩን አይታ፣ እናቷን አይታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እግሯ ወደ አባቷ የጨርቅ ሱቅ ወሰዳት።

በመንገዱ ላይ የቀብሩን ቀን እያሰበች ነበር። ጀናዛው ወደ መቃብር ሳይወርድ በፊት አባቷ ኡመር ሰው ፊት ቆሞ፣ እንደ ደንቡ፣ «ልጄ ዓወል የማንም ሰው ሐቅ ካለበት እኔ አባቱ አለሁ፤ ኑና ጠይቁኝ። አውፍም በሉት፣ ይቅር በሉት» ብሎ ነበር። ሰው ሁሉ «አውፍ ብለናል» አለ። ቃለ አብም ጭቃ በነካው ጫማው ከሰው ኋላ ቆሞ፣ ቃሉን በደንብ ሳያውቀው፣ አብሮ «አውፍ» ብሏል። በማግስቱ አንድ ልጅ መጥቶ «ዓወል ኳሴን ተውሶኝ ነበር» ሲል፣ አባቷ አልጋ ሥር ገብቶ ኳሱን ፈልጎ፣ ነፍቶ ሰጠው።

«አባ» አለችው ሱቁ በር ላይ ቆማ። «ቀብሩ ላይ ሐቅ ያልከው ገንዘብና ዕቃ ብቻ ነው?»

አባቷ ጨርቅ እያጠፈ ነበር። «ምን ቀርቶበት ነው? ማን መጣ?»

«ማንም አልመጣም። የሚመጣም የለም። ለዚያ ነው የምነግርህ።»

ስለ ስልሳው ወንበር፣ ስለ ወፍራሙ መስመር፣ ስለ ቃለ አብ ነገረችው። አባቷ ያጠፈውን ጨርቅ ዘረጋው፣ መልሶ አጠፈው፣ ደግሞ ዘረጋው።

«እኔስ እሄዳለሁ» አለ በመጨረሻ። «ለትራፊክ ፖሊስ ያወጣነው የሞት ምስክር ወረቀት አሁንም ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። ለእናትሽ የምነግርበት አፍ ግን የለኝም።»

«እኔ እነግራታለሁ» አለች ሰሊሃ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰላት።

እናቷ የምሽቱን መግሪብ ሰግዳ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠች አገኘቻት። አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማ፣ ነገ ከአባ ጋር ደብረ ብርሃን ልንሄድ ነው።»

«ለምን?»

ከሱቁ ቤት እስክትደርስ ያዘጋጀችው ሌላ ቃል ነበር። ጠፋባት።

«ዓወል እንደማይመጣ ልንነግራቸው።»

እናቷ መቁጠሪያዋን መቁጠር አቆመች። ውጭ የሆነ ሰው በግ ይጣራል።

«ስሙን ሊፍቁት ነው?»

«አዎ። ወንበሩ ለሚቀጥለው ልጅ ይሰጣል።»

«ለማን?»

«ለቃለ አብ።»

«ያ ቀዩ ልጅ? ብርድ ልብሱን ያመጣው?»

«እሱ። ግን አልጠየቀም እማ። እንዳልነግርሽ ነው የለመነኝ።»

«አጥቦት ነው ያመጣው» አለች እናቷ። «እንዳይከፋን ብሎ፣ ንጹሕ አድርጎ፣ አጣጥፎ። ባያጥበው ይሻለኝ ነበር። ስከፍተው የሳሙና ሽታ ብቻ ነው ያገኘሁት።»

ሰሊሃ ጠጋ አለች። የእናቷን እጅ ያዘች፤ ሁለቱም እጆች ቀዝቃዛ ነበሩ። መብራት ለማብራት ማንም አልተነሳም፤ ቤቱ ቀስ እያለ ጨለመ።

«ሰሊሃ» አለች እናቷ በጨለማው ውስጥ።

«አቤት እማ።»

«ስሙ ያለበትን አሳትመሽ አምጪልኝ። ሳይፍቁት።»

ዓርብ በመጀመሪያው መኪና ወጡ። ያ ዳገት ላይ ሲደርሱ አባቷ በለሆሳስ ቁርአን ቀራ። ሰሊሃ የፊት ለፊቱን ወንበር ጀርባ እያየች አለፈችው። ጎረቤላ በጉም ተሸፍና ነበር።

ሬጅስትራር ውስጥ ያለችው ሴትዮ ምስክር ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና ከወንበሯ ተነሳች። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለች። «ቤተሰብ ለዚህ ጉዳይ ሲመጣ አይቼ አላውቅም።» አባቷ በተሰጠው ብዕር ፈረመ።

ከግቢው በር ፊት ለፊት ማተሚያ ቤት አለ። ሰሊሃ ፋይሉን ከዓወል ስልክ ላከችለት። «ሁሉንም ገጽ?» አላት ልጁ።

«ሁለተኛውን ብቻ። ሃምሳ ስምንት ያለበትን።»

«አንቺ ነሽ የገባሽው? አትመስዪም እኮ!»

«ወንድሜ ነው።»

«ጀግና! እንኳን ደስ አላችሁ በይዋ!»

«እሺ» አለች። ወረቀቱ ገና ትኩስ ነበር። እንዳይታጠፍ በደብተሯ መሀል አስገባችው።

አዲሱ ዝርዝር ሰኞ ዕለት በዓወል ስልክ ገባ። ከዓወል በታች የነበሩት ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ከፍ ብለዋል። ስልሳኛው ቃለ አብ ነው።