የተጠረገው ዱካ

በእኛ አገር የሞተ ሰው ስም አይጠራም። ስለዚህ ያን ጠዋት ከውሃ ታንከሩ ስር ሞቶ የተገኘውን ልጅ ስም ከእኔ አትጠብቁ፤ የፓምፑ ሰው እለዋለሁ። በረሃው መሐል ባለችው መንደራችን ቢንታራ ውስጥ የውሃ ማጣሪያ ለማንቀሳቀስ ተፈትኖ የምስክር ወረቀት የያዘ የመጀመሪያው የእኛ ሰው እሱ ነበር። የመጨረሻውም ሳይሆን አይቀርም።

ዶሪን ስትደርስ በጀርባው ተንጋሎ አገኘችው። ዶሪን የመንደሩ ፖሊስ ናት፤ አርባ ስምንት ዓመቷ፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ አሸዋ ላይ የታተመ እግር አይታ የማን እንደሆነና መቼ እንዳለፈ የምትናገር ሴት። ሟች የእናቷ እህት ልጅ ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ የእናት እህት ያው እናት ናት፤ ስለዚህ ወንድሟ ነው። አልቅሺ አልቅሺ አላት። «ቆይ፣ መጀመሪያ ልይ» አለችና ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች።

ሬሳውን ያገኘው ዋረን ነው፤ ማጣሪያውን የሠራው ነጭ ተቋራጭ።

«ከመሰላሉ ወድቆ ነው» አለ። «አሁን ልፈትሽ ስመጣ እንዲሁ ነበር። ጣቴን አላሳረፍኩበትም።»

«ዓይኑን የከደነው ማነው ታዲያ?»

«ምን?»

«ከመሰላል የወደቀ ሰው እግሩን ገጥሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሞታል እንዴ ዋረን?»

ዶሪን ቀና ብላ አየች። መሰላል ሲወጣ የሚታጠቀው ቀበቶ የዕቃ ቤቱ በር ላይ፣ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። የፓምፑ ሰው ያለ ቀበቶ አይወጣም፣ ሌላም አያስወጣም፤ በዚህ አመሉ ግማሹን ሠራተኛ አስቀይሟል። ቁስሉ ማጅራቱ ላይ ነው፤ ደሙም የታንከሩ ኮንክሪት ጠርዝ ላይ። መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ወደ ኋላ ተገፍቷል።

ከዚያ አሸዋውን አየችና ቀጥ ብላ ቀረች።

አሸዋው ተጠርጓል። ቅጠል ባለው ቅርንጫፍ፣ ከታንከሩ ጀምሮ እስከ ሟች ቤት ድረስ፣ ሦስት መቶ እርምጃ። ጉልበቷን እያሸች ተከተለችው። መጥረጊያው በሩ ላይ አላበቃም፤ ግቢውን ዞሯል፣ ሁልጊዜ የሚቀመጥባትን የዛፍ ጥላ ዞሯል፣ ሽንት ቤቱ መንገድ ላይ ሳይቀር ሄዷል። በተጠረገው ላይ የታተመው የዋረን ጫማ ብቻ ነው። የግቢው አጥር ጥግ ደግሞ የአንድ የመንደሩ ጎረምሳ፣ የራስል፣ ባዶ እግር አለ፤ ትንሿ ጣት የጎደለችው እግር። እስከ አጥሩ መጥቶ ተመልሷል፣ መጥረጊያውም በላዩ አልፎ ግማሹን አጥፍቶታል።

ከተማ ላለው አለቃዋ፣ ለሳጅኑ፣ ደወለች። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ነው ያለው።

«ወድቆ ከሆነ ወድቋል በይኝ ዶሪን» አለ ሳጅኑ እያዛጋ። «ዛሬ እንግዶች አሉባችሁ አይደል? ቀን አታበላሺ።»

እንግዶቹ፣ የመንግሥት ሹማምንት፣ ስድስት ሰዓት ላይ በአውሮፕላን ይመጣሉ። ውል ይፈረማል፤ ማጣሪያው ከዛሬ ጀምሮ የመንደሩ የራሱ ኩባንያ ንብረት ይሆናል፣ ዘጠኝ ልጆች ደሞዝተኛ ይሆናሉ። ከሁሉም በላይ ክሊኒኩ ጀርባ ያለችው ባለ ሁለት አልጋ የኩላሊት ማጠቢያ ቤት ውሃ ታገኛለች። የፓምፑ ሰው እናት ሙሪየል፣ የዶሪንም እናት ማለት ነው፣ አምስት ዓመት ሙሉ ከተማ ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ ትታሰራለች። በስልክ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አገሬ ውሰዱኝ፤ እዚህ አትቅበሩኝ።» ዶሪን ፍራሿን ገዝታ፣ አንሶላውን አጥባ አስቀምጣለች።

በመንደሩ ወሬውን ከዋረንና ከእሷ በቀር የሰማ የለም። በቀጥታ ወደ ኩባንያው ቢሮ ሄደች። ኔቪል፣ የኩባንያው ሊቀመንበርና የሟች ታላቅ ወንድም፣ ከውስጥ ከፈተላት። የቢሮው ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል።

«ወንድሜ፣ ክፉ ይዤልህ መጣሁ» አለችው። «ትንሹ ወንድማችን አልፏል። ታንከሩ ስር።»

ኔቪል ግንባሩን በቡጢ መታ፤ ደግሞ መታ። ዶሪን እጁን ያዘችው። ሲያለቅስ የእውነቱን ነበር፤ በዚህ ላይ ማንም አይከራከረኝም። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። ከጭንቅላቱ በላይ ፀሐይ ያደበዘዘው ግድግዳ ላይ አንድ አራት ማዕዘን ቦታ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ ምስማሩ ብቻውን ቀርቷል።

«ውሉ ይፈረም ዶሪን» አለ። «ካልተፈረመ እማ እዚያው ቀረች ማለት ነው። ይፈረምና አብረን እናለቅሳለን።»

«ትናንት ማታ አይተኸዋል?»

«አላየሁትም። ቤቴ ነበርኩ።»

ዶሪን ምስማሩን አየችና ወጣች።

ራስል ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ የቆርቆሮ ሥጋ በዳቦ ይበላል። ፈተናውን የወደቀው እሱ ነው፤ ቅዳሜ ዕለት ከፓምፑ ሰው ጋር እዚሁ ደጃፍ ተያይዘው፣ አገር ነው የገላገላቸው። ነገሩን ስትነግረው ዳቦው ከእጁ ወደቀ።

«አክስቴ፣ እኔን አትጠርጥሪ! ትንሿ ጣቴ ትመስክርልኝ!»

«ትንሿ ጣትህማ የለችም።»

«እኮ! አይ የኔ ነገር፣ ምስክሬም የለችም» አለ፣ ሊስቅ ሲል ለቅሶ መጣበት። «ሄጃለሁ፣ አልዋሽም። ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ። ወደ ኩላሊት ማጠቢያ ቤቷ የምትሄደውን ቧንቧ ልግጠማት ብዬ ለመንኩት። ከአጥሩ ውስጥ ሆኖ 'እንዳትነካት!' ብሎ ጮኸብኝ። ቅዳሜም የተጣላነው በእሷ ነው።»

«ለምን እንዳትነካት አለ?»

«ከከተማ የመጣ ወረቀት አለኝ አለ። ለኔ ለወደቅኩት ተማሪ ማን ያሳየኛል!»

ወረቀቱን ያገኘችው የዋረን ቦርሳ ውስጥ ነው። ዋረን ሲጠየቅ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተናገረ። ላቦራቶሪው ውሃውን መርምሮ ልኳል፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው፣ ኩላሊት የሚያበላሸው ዩራኒየም ማጣሪያውን አልፎ እየሄደ ነው።

«መለዋወጫው ዕቃ ሲመጣ ይስተካከላል» አለ። «አንድ ዓመት ቢፈጅ ነው። አርባ ዓመት ስትጠጡት ኖራችሁ የለም እንዴ?»

«ጠጥተን ነው እኮ ማሽን ላይ የተኛነው!»

«ልጁ አልሰማ አለኝ። ለእንግዶቹ ፊት ለፊት እነግራለሁ አለ። ግን ቅድሚያ ለኔቪል ልንገረው ብሎ ትናንት ማታ ደወለለት፤ እኔ አጠገቡ ነበርኩ።» ዋረን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ መውደቅ ነው በይ። እኔ ክፍያዬን፣ እናንተ ኩባንያችሁን፣ አንቺም እናትሽን ታገኛላችሁ። ማን ይጎዳል?»

ዶሪን ጥላው ሄደች። መንገድ ላይ ግን ቆመች። አፏን ብትዘጋ ራስል ቧንቧዋን በአንድ ሰዓት ይገጥማታል፣ ሐሙስ እማ በገዛ አልጋዋ ናት። ያም ውሃ በማሽኑ ደሟ ውስጥ ይገባል። የፓምፑ ሰው ያለው ይህንን ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ መንደሩ በሙሉ ለእንግዶቹ በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ተሰበሰበ፣ ከቅርጫት ኳስ ሜዳው ጣሪያ ስር። የሚቆረጠው ሪባን ታስሯል። ዶሪን ከፊት ቆመች፤ ኔቪልም፣ ራስልም፣ ዋረንም ፊቷ ናቸው።

«ከመሰላል አልወደቀም» አለች። «ቀበቶው ምስማሩ ላይ ነው፣ ቁስሉ ከማጅራቱ ነው። የገፋው ሰው ጥሎት አልሮጠም። ዓይኑን ከደነለት፣ እጁን አስተካከለለት። ቀጥሎ ቅርንጫፍ ሰብሮ አሸዋውን ጠረገ።»

«ዱካውን ሊያጠፋ ነዋ!» አለች አንዲት ሴት።

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ነበር። የራሱን ዱካ የሚያጠፋ ሰው ግን ታንከሩ ዙሪያ ጠርጎ ወደ ራሱ ቤት ይሄዳል። ይሄኛው የጠረገው የሟችን ዱካ ነው። ደጁን፣ ጥላውን፣ ሽንት ቤቱን። ይህን የምናደርገው ለምንድነው?»

ሁሉም ያውቀዋል። የሞተ ሰው እግር አሸዋው ላይ ታትሞ ሲታይ አንጀት ይቆርጣል፤ ስለዚህ የቅርብ ዘመድ ይጠርገዋል። የሚጠርገው ግን ሞቱን ያወቀ ሰው ነው።

«ዋረን ወጋችንን አያውቅም፣ ጫማውም ከተጠረገው በላይ ነው፤ ኋላ ነው የመጣው። የራስል እግር ከተጠረገው በታች ነው፤ ቀድሞ መጥቶ ሄዷል። እኔ ሬሳውን አይቼ ወሬውን ለሌላ ሰው ሳልናገር፣ አንድ ሰው ለቅሶ ተቀምጦ ነበር።» ወደ ኔቪል ዞረች። «ወንድሜ፣ የምስክር ወረቀቱን ሲቀበል የተነሳው ፎቶ ቢሮህ ግድግዳ ላይ ነበር። የሞተ ሰው ፎቶ ከግድግዳ ይወርዳል። እኔ ሳልነግርህ ማን አወረደው?»

ኔቪል ከወንበሩ ተነሳ። ሮጦ የሚያመልጥ መስሏቸው ሁለት ሰዎች ተንቀሳቀሱ፤ እሱ ግን የትም አልሄደም።

«ሳይነጋ መኪናዬን ጠጠሩ መንገድ ላይ አቁሜ ሄድኩ» አለ። «ወረቀቱን ቅደደው አልኩት። እማ ትምጣ፣ ከዚያ እናስተካክለዋለን አልኩት። 'በማሽኑ ልትገድላት ነው' አለኝ፤ ለኔ! አምስት ዓመት ሙሉ በየቢሮው ደጅ የጠናሁት ለማን ሆነና? ገፋሁት። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት።» ከዚያ ወደ ዶሪን ዞረ። «ጥዬው ልሄድ ነበር። እግሩን አየሁት፣ አሸዋው ላይ። አልቻልኩም ዶሪን። አልቻልኩም።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ይጥራ እንጂ ምን ፈየደልን? እንግዶቹ ስድስት ሰዓት ላይ መጡ፣ ሰሙ፣ ይዘውት የመጡትን የታሸገ ውሃ ጠጡና ተመለሱ። ማጣሪያውን ለከተማ ኩባንያ ሰጡት። በደብዳቤያቸው ላይ ኅብረተሰቡ ገና አቅም አልፈጠረም ብለው ጻፉ። ያንን ውሃ መርዝ ነው ብሎ የደረሰበት የእኛው ልጅ መሆኑን አንድ መስመር አልጻፉም። ዋረን ክፍያውን አገኘ። ዘጠኙ ልጆች ሱቁ ደጃፍ ተመለሱ።

ያን ዕለት ግን፣ አስር ሰዓት ላይ፣ የሳጅኑ መኪና ገባ። ኔቪልን ሊወስድ ሲመጣ ሙሪየልን ለቀብር ይዟት መጥቷል። ሁለቱንም ነግረዋታል፤ የሞተውንም፣ የገደለውንም። ደግፈው አወረዷት፣ እሷ በተነሳችበት ወንበር ላይ ኔቪልን አስቀመጡት። «እማ» አላት በመስኮቱ። አላየችውም።

መኪናው ሲሄድ ሙሪየል ቅርንጫፍ ሰበረች። ጎንበስ ብላ፣ በዚያች በመርፌ በተበሳሳች ክንዷ፣ ከሜዳው ጀምሮ መኪናው ቆሞ እስከነበረበት ድረስ የኔቪልን ዱካ መጥረግ ጀመረች።

«እማ፣ እሱ እኮ በሕይወት አለ» አለቻት ዶሪን።

«አውቃለሁ።»

ጠርጋ ጨረሰች። ትንፋሿን እየሰበሰበች ተቀመጠችና ውሃ ጠየቀች። ዶሪን ሱቁን አየች፤ ለሐዘኑ ተዘግቷል፣ የታሸገ ውሃ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ቧንቧውን ከፈተች፤ ጥርት ያለ ውሃ ወረደ። ብርጭቆውን ይዛ ቆመች እንጂ አልሰጠቻትም።

«እማ፣ ይሄ ውሃ…»

«አምጪው ልጄ።»

ከእጇ ወስዳ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ሐሙስ ወደ ማሽኑ የሚመልሳት መኪና ሲመጣ «አገሬ ገብቻለሁ» አለች እንጂ አልተነሳችም።