የገልባጩ ጥላ

የቀን ሠራተኛው ሰጠኝ የሞተው ጥላ ፈልጎ ነው። ከገለጉ ከተማ ወዲያ ሰሊጡ ታጭዶ ባለቀበት ሜዳ ዛፍ የሚባል ነገር የለም፤ የቀን ሠራተኛ ፀሐይ ሲበረታበት ወደ ላይ በተነሣ ገልባጭ የትራክተር ተሳቢ ሥር ይጋደማል። የተነሣው የጭነት ሳጥን፣ ካሶኒው፣ ወረደበት።

ኢንስፔክተር እፀገነት ስትደርስ ሬሳው በሸራ ተሸፍኗል፤ ሾፌሩ ምንይችል በሚሊሻ ተይዟል። የእርሻው ባለቤት አቶ ውባንተ ምርመራውን ቀድመዋት ጨርሰዋል።

«የዘይት ቱቦው ፈነዳ። የእግዜር ሥራ ነው፣ ልጄ።»

«የእግዜር ሥራ ከሆነ ሾፌሩን ማን አስያዘው?»

«እኔ ነኝ። ለማንኛውም ብዬ።»

ጎንበስ ብላ ቱቦውን ዳሰሰችው፤ አንድም ቀዳዳ የለውም። ቱቦው ጫፍ ላይ ከተደረደሩት ዳዶዎች መሃል ግን አንዷ ብቻ አቧራዋ ተጠርጎ መፍቻ ነክሷታል።

«ጥገና ትችላለህ?» አለችው ምንይችልን።

«ኧረ እኔ መንዳት እንጂ!»

ጫማውን አየች። በዚያ ሁሉ ጥቁር መሬት መሃል ሶሉ ቀይ አፈር ይዟል። ቀይ አፈር ያለው ማዶ ኮረብታው ላይ ብቻ ነው፤ ኔትወርክም እንደዚያው።

ይኼኔ አቶ ውባንተ «ቱቦ ፈነዳ» ብለው ያስጠሩት መካኒክ ዘሩ ከመተማ ዮሐንስ ደረሰ። ጋራዡ በር ላይ «በስልክ ምክር የለም» ብሎ የለጠፈ፣ «አንዲት ጥያቄ ብቻ» ላለው ሁሉ «አምጣና ልየው» ብሎ የሚዘጋ፣ በዚህም ኩራተኛ የተባለ ሰው ነው። ሸራውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ዳዶዋን ሙሉ ለሙሉ ፈታሃት እንዴ?» አለው ምንይችልን።

እፀገነት ሁሉንም ተሳቢው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ቱቦ አልፈነዳም፤ ዳዶ ተፈትታ ነው። ጥገና የማያውቅ ሰው ሌሎቹን ሳይነካ ትክክለኛዋን አገኘ። ስለዚህ ሰው ነግሮታል። ኮረብታ መውጣቱን ጫማው ይናገራል፤ የወጣው ለመደወል ነው። ለማን? ጋሽ ዘሩ፣ እርስዎን የጠሩዎት ቱቦ ፈነዳ ብለው ነው። ስለ ዳዶዋ ማን ነገረዎት?»

ዘሩ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ካሶኒው አልወርድ አለ ብሎ ደወለ። ‹ሰሊጡ ዛሬ ካልተጫነ እባረራለሁ› ብሎ ሲለምነኝ ስልኩን መዝጋት አቃተኝ። ‹ሥሩ ሰው አለ?› አልኩት፤ ‹የለም› አለኝ። ‹ዳዶዋን ትንሽ አላላት፣ ዘይቱ ሲወጣ ካሶኒው ቀስ ብሎ ይወርዳል› አልኩት።»

አቶ ውባንተ አንገታቸውን ደፉ።

«ስሄድ አልነበረማ!» ምንይችል ጮኸ። «ከኮረብታው አይታየኝም። ስመለስ እሱ በወዲያኛው ጎን ገብቶ ተኝቷል፤ እኔ በዚህኛው ነኝ። ዳዶዋም እምቢ ብላኝ ቆይታ ባንዴ ለቀቀች።»

«እኔ ብኖር የዛገች ዳዶ እጄ ታውቃት ነበር» አለ ዘሩ። «ከመንካቴ በፊትም ጎንበስ ብዬ ሥሩን አይ ነበር። እኔ የምከለክለው ለኩራት መስሏቸው…»

«አንተስ ለምን ደበቅህ?» አለች እፀገነት።

ምንይችል ወደ ዘሩ ዞረ። «ጋሼ ‹ለማንም እንዳትናገር፣ ነገ አገሩ ሁሉ ይደውልልኛል› ብለውኝ ነበር። ቃል ገባሁ።»

ዘሩ ተነሥቶ ሚሊሻው ፊት ቆመ።

«እኔንም ውሰደኝ።»

«ጋሼ» አለው ምንይችል፣ እያለቀሰ፣ «እርስዎ እኮ እዚህ አልነበሩም።»

«ጥፋቴስ እሱ አይደል?»