ክዳኑ ሳይዘጋ

«እጅሽን አስገቢ እንጂ! ምን ያስለፈልፍሻል?»

ፊውዝ እጇን ከኪሷ አላወጣችም። ቶሎ ስለምትቃጠል ስሙን ያወጡላት የራዲዮ ክበቡ ልጆች ናቸው፤ አሁን ግን ድምጿ ቀዝቃዛ ነበር።

«ክዳኑ ተከፍቶ ቫልቮቹ ለምን በሩ?»

ከፊቷ ያለው የራዲዮውን ደካማ ምልክት አጎልብቶ ወደ አንቴናው የሚልክ አሮጌ አምፕሊፋየር ነው፤ ቫልቭ የሚሏቸው የመስታወት ቱቦዎቹ ኃይል ሲያገኙ እንደ አምፖል ይበራሉ። ክዳኑ ሲነሳ ኃይሉን የሚቆርጥ ትንሽ ማብሪያ አለው። ጎንበስ ብላ አየች። ማብሪያው እንዳይቆርጥ በጥቁር ፕላስተር ተጠፍንጓል።

«እኔ ነኝ የለጠፍኩት» አለ ሻምበል፣ ማዘዝ የሚወደው የክበቡ አለቃ። «የትምህርት ቤቶቹ ውድድር ሊጀመር ነው፣ ኃይሉ አልወጣ ብሏል። ጥቅል ሽቦው፣ ኮይሉ ላይ ያለውን መቆንጠጫ ገፋ ገፋ ማድረግ ብቻ ነው። እኔ የኃይል መለኪያውን መርፌ እያየሁ እነግርሻለሁ።»

«አጥፍተን እንግፋው፣ ዘግተን እንሞክረው። ካልሆነ እንደገና።»

«እንደገና፣ እንደገና! ውድድሩ አንቺን ይጠብቃል?»

«አይጠብቅ።»

«አቦ አታካብጂ!»

«ከግድግዳው ሶኬት አሥር እጥፍ ቮልቴጅ ነው ውስጡ ያለው። እኔ አላካበድኩትም።»

በክበቡ ደንብ፣ ማሽኑን ያስተካከለ ሰው ማይኩን መጀመሪያ ይይዛል። ፊውዝ ዓመቱን ሙሉ ገመድ የጠቀለለችው፣ አቧራ የጠረገችው ለዚህ ቀን ነበር። ሻምበልም ያውቃል።

«እንግዲያው ማይኩን እርሺው» አለና ከጎኗ ወደ ቆመው የአክስቷ ልጅ ዞረ። «ና ጎረምሳው፣ አንተ ሞክር።»

ልጁ ደስ ብሎት ካቻቪቴውን አነሳ። በሌላ እጁ የብረቱን ሣጥን ተደገፈ። ኤሌክትሪኩ ከእጅ ወደ እጅ በደረቱ የሚያልፍበት መንገድ ነበር፤ ፊውዝ ያንን እጅ ስታይ ገመዱን ከግድግዳው መንጭቃ ነቀለችው። ቫልቮቹ ደበዘዙ።

«አበድሽ? እናቴ ነሽ?» አለ ልጁ።

«እናትህ ብትሆን በጥፊ ነበር። ቁጭ በል።»

የቮልቴጁ መርፌ ዜሮ እስኪደርስ ጠበቀች። ከዚያ ከመሬት ሽቦ ጋር የታሰረውን ዘንግ አንስታ፣ አንድ እጇ ኪሷ ውስጥ እንዳለ፣ የቀረ ኃይል ካለ ወደ መሬት እንዲወርድ ውስጡን ነካካች። ብልጭታ የለም፣ ምንም የለም።

ሻምበል ሳቀ። «አየሽ? ባዶ ነው! ይሄ ሁሉ ድራማ ለባዶ!»

«ባዶ ስለሆነ ነው አሁን እጄን የማስገባው።»

ፕላስተሩን ላጠችው። መቆንጠጫውን አንድ ዙር ገፋች፣ ክዳኑን ዘጋች፣ ብሎኖቹን አንድ ሳታስቀር አጠበቀች። በአንቴናው ፋንታ ኃይል የሚውጠውን የሙከራ ሣጥን አገናኘችና ዝቅ ባለ ኃይል አበራችው። አንደኛውን ቁልፍ ስታዞር ቫልቮቹ የሚስቡትን የሚያሳየው መርፌ ወደ ታች አጎነበሰ፤ ሁለተኛውን ስታዞር የሚወጣው ኃይል ትንሽ ጨመረ። አልበቃም። ቫልቮቹ ሳይግሉ አጠፋችው።

ከራዲዮው የሌሎች ትምህርት ቤቶች ጥሪ ይሰማ ጀመር።

«ጀመሩ! ጉድ ሠራሽን!» ሻምበል ጠረጴዛውን ደበደበ።

እሷ እንደገና ነቀለች። እንደገና መርፌውን ጠበቀች፣ በዘንግ ነካች፣ ገፋች፣ ዘጋች። አሁን ኃይሉ ጨምሮ ጨምሮ ልክ ላይ ቆመ። አንቴናውን መልሳ ገጠመች።

ማይኩን ሻምበል ነጠቀው። እሷን እንኳ ዞሮ አላያትም፤ ጥሪውን ጀመረ። በመጀመሪያው ጥሪ አንድ ሩቅ ድምፅ መለሰለት።

«አልተናደድሽም?» አላት የአክስቷ ልጅ በሹክሹክታ።

«ተናድጃለሁ እንጂ!»

ከሰዓት በኋላ ሞገድ መቀየራቸው አይቀርም፤ ሞገድ በተቀየረ ቁጥር መቆንጠጫውን ለመግፋት ክዳኑ ይነሳ ይባላል። ፊውዝ ወንበሯን ጎትታ ማሽኑና ሻምበል መሀል አስቀመጠችና፣ ጀርባዋን ለማይኩ ሰጥታ ተቀመጠች።