የሁለት ቤት ታንኳ

ሁለት አስካሪዎች፣ ለጣልያን ያደሩ ወታደሮች፣ ታንኳዋን ከቄጠማው አውጥተው በትከሻቸው ተሸክመዋት ሲመጡ ሙኒራ ገና ከሩቅ አወቀቻት። ደንገሉን ያጨዱት አያ አምሐ ናቸው፤ አስሮ ታንኳ ያደረገው ደግሞ አባቷ ሳሊህ ነው። አያ አምሐ ራሳቸው የፊጥኝ ታስረው ከኋላ ይጎተታሉ።

«ዝም በይ» አለቻት እናቷ ከሪማ፣ ክንዷን ጨምድዳ ይዛ። «አላየንም፣ አልሰማንም። ገባሽ?»

ሙኒራ በደንብ ገብቷታል። ታንኳዋ ውሃ ጠጥታ ስለከበደች ሰሞኑን ከሐይቁ ዳር ባለው ግቢያቸው፣ ከሾላው ዛፍ ጋር ተደግፋ ቆማ ስትደርቅ ነበር። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ግን ቦታዋ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ጣልያን በሐይቁ ላይ ከምሽት በኋላ ታንኳ እንዳይንቀሳቀስ ከከለከለ ወዲህ፣ በሌሊት ታንኳ የሚፈልገው ማን እንደሆነ የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ያውቃል። ጫካ የገቡት አርበኞች ናቸው። አባቷ ወረታ ገበያ ሄዷል። እናቷ ብቻዋን ፈራች። አያ አምሐ ተራቸው ደርሶ ታንኳዋን ሊወስዱ ሲመጡ እውነቱን ልትነግራቸው አልደፈረችም።

«ሌሊት ነፋስ ነበረ፤ ከሾላው አንስቶ ወደ ቄጠማው ገፍቷት ይሆናል» አለቻቸው።

ሙኒራ አጠገቧ ቆማ ነበር። እሷም አልተነፈሰችም። አያ አምሐ አመስግነው ሊፈልጉ ሄዱ፤ አገኟትም። ውስጧ ደም የነካው ኩታና የጥይት ቀለህ ነበረባት። ገና ምኑም ሳይገባቸው አስካሪዎቹ ከበቧቸው።

አሁን የአስካሪዎቹ አዛዥ መኮንን ከፊታቸው ቆሟል። ወጣት ጣልያን ነው፤ ፀሐዩ አፍንጫውን ልጦታል። አጠገቡ አስተርጓሚው ወልደ ዮሐንስ አለ። ወልደ ዮሐንስ የደጋ ሰው ነው። ውሃ የሚያውቀው በእንስራ ነው፣ ጣናን በቅርብ አያውቀውም፤ ጫማ ካደረገ ወዲህ ደግሞ ጭቃ ላይ እንዴት እንደሚረገጥ ጠፍቶበት እንደ ዶሮ እግሩን ያነሳ ነበር።

«የታንኳዋ ባለቤት ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አሉ አያ አምሐ። «የእኔ ብቻ ናት። ሰሞኑን ሁሉ ስቀዝፍባት ሰነበትሁ። ትናንት ማታ ከዳር ትቻት ገባሁ። ማን እንደወሰዳት አላውቅም።»

መኮንኑ ሰምቶ አጭር ነገር ተናገረ። ወልደ ዮሐንስ ሲተረጉመው ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«ለአመፀኛ ታንኳ የሰጠ ሞት ነው ቅጣቱ። ባለቤቷ አንተ ብቻ ከሆንህ የሰጠኸውም አንተ ነህ። ዛሬውኑ በገበያው መሀል ትሰቀላለህ።»

አያ አምሐ ወደ እነሙኒራ አንዴ አየት አድርገው ፊታቸውን መለሱ። ያን ጊዜ ገባት። አባቷን ሊያተርፉ ነው የዋሹት።

ውሸታቸው ደግሞ የሕፃን ውሸት ነበር። ሳምንት ሙሉ የተቀዘፈባት ታንኳ ውሃ ትጠጣለች፤ አራት ጎረምሳ እንኳ እያቃሰተ ነው የሚያወጣት። ይችን ግን ሁለቱ አስካሪዎች እንደ ጭራሮ ተሸክመዋት መጡ። እዚያ የተሰበሰበው የሐይቅ ዳር ሰው ሁሉ ይህን አይቷል። ሁሉም ጣቶቹን ያይ ነበር።

ዝም ካለች ቤታቸውን የሚነካው የለም። ጣልያኖቹ የእስላሙ ወዳጅ ነን እያሉ መስጊድ እንሠራለን ብለዋል። ይኸው መኮንን ባለፈው የአባቷን እጅ ጨብጦ ነበር። እናቷም የምትለው ይህንኑ ነው፤ ይህቺን ታህል ከለላ ስናገኝ በገዛ እጃችን እንጣላት እንዴ? ሙኒራ እናቷ ልክ እንዳልሆነች ማሰብ ፈለገች፤ አልቻለችም። ዝም ካለች አባቷ ይተርፋል፣ አያ አምሐ ይሞታሉ። ከዚህ ሌላ የምታስበው ነገር አልነበረም።

አስካሪው ገመዱን ጎተተ። አያ አምሐ ተንገዳገዱ።

«የእሳቸው ብቻ አይደለችም!»

ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት ነው ድምፁ የራሷ መሆኑን ያወቀችው። እናቷ «ያ አላህ» ብላ ክንዷን ለቀቀቻት።

«የማን ናት ታዲያ?» አለ ወልደ ዮሐንስ።

«የአባቴና የእሳቸው።»

መኮንኑ ተነጫነጨ። «አንድ ስም ነው የሚፈልገው» አላት አስተርጓሚው። «አባትሽ ቀጥሮት ነው?»

«አልቀጠራቸውም። አባቴ አያዛቸውም፣ እሳቸውም አያዙትም።»

«ተከራይቶ ነው?»

«የተከራየ ሰው ታንኳው ሲበሰብስ ጥሎ ይሄዳል። አምና ማዕበል የፊተኛዋን ሲሰብራት አብረው ነው የከሰሩት። የሚገኘውንም እኩል ነው የሚካፈሉ።»

«የተፈራረሙበት ወረቀት አለ?»

«የለም። አባቴ ዱዓ አደረገ፣ እሳቸው አማተቡ፤ በቃ።»

«እና ምኑ ነው?»

«ሸሪኩ ናቸዋ!» አለች። ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ይህን ለመረዳት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ እየገረማት።

ወልደ ዮሐንስ በጣልያንኛ አንድ ቃል ተናገረ። መኮንኑ ግንባሩን ሲቋጥር ሌላ ሞከረ። ሙኒራ ግን አልጨረሰችም፤ አሁን ካቆመች ዳግመኛ እንደማይወጣላት አውቃለች።

«ሰሞኑንም አልቀዘፉባት። እኛ ግቢ ስትደርቅ ነው የሰነበተች። ካላመናችሁ አንሷት። ውሃ የጠጣች ብትሆን ሁለት ሰው አይችላትም። ሌሊት የተወሰደች ከእኛ ግቢ ነው። ማን እንደወሰዳት እኛም አላየን፣ እሳቸው ግን አልነበሩም።»

መኮንኑ ራሱ ሄዶ የታንኳዋን ጫፍ ያዘና ወደ ላይ አነሳው። ቀለለው። ወደ አስካሪዎቹ አየ፣ ወደ አያ አምሐ አየ፤ ከዚያ ረዘም አድርጎ ተናገረ።

«ሁለት ባለቤት ካላት ሁለቱም ይጠየቃሉ» ሲል ተረጎመ ወልደ ዮሐንስ። «አባትሽ ከወረታ እስኪመጣ ስቅላቱ ይቆያል። እስከዚያ ግን ሰውዬው እዚሁ ይታሰራል፤ ከእናንተም ቤት አንድ ሰው።»

«ልጅ ናት!» ብላ ጮኸች ከሪማ። «አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ምን ታውቃለች! ወላሂ አታውቅም!»

ወልደ ዮሐንስ ጎንበስ አለ። ሲናገር መኮንኑ እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተሳስቻለሁ በይና ከእናትሽ ጋር ሂጂ። እኔ አሳምሬ እነግረዋለሁ። በአባትሽም ላይ ምንም አይመጣም።»

እናቷን አየቻት፤ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ፊቷ ነጥቷል። ሮጣ እቅፏ ውስጥ ብትገባ ወደደች።

«እማ፣ ለአባ ሰው ላኪለት» አለች። «ምን እንደተባለ በመንገድ ላይ ሳለ ይስማ።»

አስካሪዎቹ አያ አምሐን መሬቱ ላይ አስቀመጧቸው፤ ሙኒራም ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ?» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። «እናንተን ላተርፍ ብዬ እኮ ነው!»

«አባን ሳያማክሩ?»

አያ አምሐ ዞር ብለው አዩዋት።

«እኛም አላማከርንዎትም» አለች ሙኒራ፣ አንገቷን ደፍታ። «ነፋስ አልነበረም። መሰረቋን አውቀን ነው ወደ ቄጠማው የላክንዎት።»

አያ አምሐ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መለሱ። ሙኒራ አንድ ነገር እንዲሏት ጠበቀች፤ ቢሰድቧት እንኳ ደስ ይላት ነበር። ፀሐዩ ወጣ ብሎ አናቷን ማቃጠል ጀመረ።

«እዚህ ጥላ አለ» አሉ በመጨረሻ፣ እጃቸው እንደታሰረ እየተንፏቀቁ ቦታ ለቀቅ አድርገው። «ጠጋ በይ።»

ጠጋ አለች።